ሳሉ እንዳይገባ

በእኛ ቤት ቀን መብራት ሲጠፋ እልል ይባል ነበር። ጎፋ በሙሉ «ኤጭ! አሁንም ሄደ!» እያለ ሲራገም፣ እኔ ከአልጋዬ ሥር ቴፑን ጎትቼ አወጣለሁ፣ እናቴ ወንበሯን ታስጠጋለች፣ አባዬ ደግሞ ከገዛ ቤቱ ሊባረር ኮቱን መፈለግ ይጀምራል። አብደን አይደለም። ከጓሯችን አጥር ወዲያ ወፍጮ ቤት አለ። ያ ወፍጮ ከጧት ጀምሮ ሲንደቀደቅ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ፎቶግራፍ ሳይቀር ይንቀጠቀጣል። አፉን የሚይዘው መብራት ሲጠፋ ብቻ ነው። የእኛ ቴፕ ደግሞ በባትሪ ድንጋይም ይሠራል። ስለዚህ መብራት የሄደ ዕለት እንቀዳለን።

የምንቀዳው ለወንድሜ ነው። ወንድሜ ሩስያ ሕክምና ይማራል። እናቴ ደብዳቤ አትጽፍም። መሠረተ ትምህርት ተምራ ሰርተፊኬት ተቀብላለች፤ ግን «ፊደሉን የቆጠርኩት ለቀበሌው ብዬ ነው፣ ከልጄ ጋር በአፌ ነው የማወራው» ብላ ደብተሩን ለእሳት ማያያዣ አዋለችው። እኔ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበርኩ። ቀኑን ሙሉ «ከአብዮታዊ ሰላምታ ጋር» ስመታ ውዬ፣ ቤት ገብቼ ደግሞ የእናቴን ናፍቆት ልጻፍ? ሞቻለሁ! በካሴት ይሁን ተባለ።

ቴፑን ወደ አገሩ ከሚመለስ አንድ የውጭ አገር አስተማሪ ላይ ነው የገዛሁት። ሰፈር ውስጥ ካሉት ቴፖች የሚለየው መርፌ ስላለችው ነው። ድምፅ ሲገባ መርፌዋ ትነሳለች። ቀዩን መስመር ካለፈች ድምፁ ይሰነጠቃል፤ እንደተኛች ከቀረች ደግሞ ስታዳምጪው ሽሽሽ የሚል የካሴቱ ትንፋሽ እንጂ የሰው ቃል አይሰማም። የእኔ ሥራ ቁልፏን እያዞርኩ መርፌዋን ከቀዩ አፋፍ ላይ ማስጨፈር ነው፤ ነካ አድርጋ እንድትመለስ፣ እንዳትገባ። ማንም አላስተማረኝም። ብዙ ካሴት አቃጥዬ የተማርኩት ነው፤ እና ከተማርኩ በኋላ ከእኔ በላይ ላሳር ብዬ ነበር።

የሚያስቸግሩኝ ወላጆቼ ናቸው። እናቴ ማይክራፎን ፊት ስትቀመጥ ንስሐ የምትገባ ይመስላታል። ድምጿ ጉልበቷ ላይ ይወድቃል። ቁልፉን እስከ ጥግ ባዞርላትም መርፌዋ ቀና ብላ ታይና ተመልሳ ትተኛለች። አባዬ ደግሞ የዚህ ግልባጭ ነው። ሩስያ ሩቅ ነው፣ ሩቅ ላለ ሰው ደግሞ ይጮኻል፤ አለቀ። «ልጄ ሆይ! እንደምን ከርመሃል! እኛ! እግዚአብሔር ይመስገን! ደህና ነን!» ይላል፤ መርፌዋ ቀዩ መጨረሻ ሄዳ ትለጠፋለች።

«አባዬ፣ ካሴቱ እኮ በአውሮፕላን ነው የሚሄደው። አንተ በጩኸት አታደርሰውም» እለዋለሁ።

«አንቺ ምን ታውቂያለሽ! በረዶ አገር ነው፣ ጆሮው ይደነዝዛል» ይለኛል።

ምን ይደረግ? እሱን በር ላይ፣ ፊቱን ወደ ውጭ አዙሬ አቆመዋለሁ፤ ቁልፉን ዜሮ አፍ ላይ አድርጌ እቀዳዋለሁ። አላፊ አግዳሚው ለመንገድ የሚለፈልፍ ይመስለው ነበር። ጎረቤት «ደህና ነን እኛም!» ብሎ መልስ የሰጠበትም ቀን አለ።

ከዚያ የጦር ግንባሩ ይከፈታል። መስኮቱ ላይ ብርድ ልብስ፣ በሩ ላይ ፍራሽ። ማይክራፎኑን ጠረጴዛው ላይ እንዲሁ ካስቀመጥኩት እናቴ ክርኗን ባነሳች ቁጥር ጓ! ይላል፤ ስለዚህ ጋቢ አጣጥፌ ሥሩ አነጥፍለታለሁ። የግድግዳው ሰዓት ከሚስማሩ ወርዶ ጤፍ ውስጥ ይቀበራል። ለዶሮዎቹ ጥሬ ይበተናል። ክረምት ከሆነማ ሥራ የለም፤ ቆርቆሮው ላይ ሰማይ ነው የሚወርደው። ድንጋይ ሲጠፋ አሮጌውን ፀሐይ ላይ አስጥቼ፣ በጥርሴ ነክሼ እጠቀማለሁ። አንዴ በደከመ ድንጋይ ቀድቼ ልኬ፣ የእናቴ ድምፅ እዚያ ሲከፈት እንደ ጫጩት ሲንጫጫ ተገኘና ወንድሜ «እማዬን ምን ነካብኝ?» ብሎ በቴሌግራም ጠየቀ።

ከሁሉ የባሰው ጠላት ግን የአባዬ ሳል ነበር። አባዬ ዱቄት ፋብሪካ ሠርቶ ነው ጡረታ የወጣው። «ሳሉ የጡረታዬ ጭማሪ ነው» ይል ነበር። ሁላችንም የዱቄት ሳል ነው እንላለን፤ እንደ ወፍጮው ለምደነዋል። ቴፕ ግን አይለምድም። ቁልፉን ለእናቴ ሹክሹክታ ከፍ ካደረግሁት፣ ከመኝታ ቤት የመጣ ሳል መርፌዋን ቀዩ ውስጥ ይወረውራታል። ስለዚህ ሰላምታውን ጮሆ ከጨረሰ በኋላ ይወጣል። ሕግ ነው።

«በል ውጣና ሳል!» ትለዋለች እናቴ።

«የት ሄጄ ልሳል?»

«ከፈለግህ ፉሪ ድረስ!»

እሱም እያጉረመረመ ይወጣና እስክንጨርስ አጥር ሥር ከጎረቤት ጋር ወሬ ይጠርቃል።

የመጨረሻዋ ጥምቀት ሰሞን ግን ያለ ወቅቱ ካፊያ ጣለና አልወጣም ብሎ ድርቅ አለ። መኝታ ቤት ገብቶ ጋደም አለ። እናቴ «ልጄ፣ እንደምን» ስትል ይስላል። «እንደምን ነህ» ስትል ያጉረመርማል። እሷም ነደዳት፤ «እንግዲያው አንተው ከልጅህ ጋር ሳል!» ብላ ተነስታ ወደ ማድ ቤት ወጣች። እኔ እሷን ላባብል ስከተላት ቴፑን አላጠፋሁትም። የካሴቱ አንዱ ፊት እስኪያልቅ ብቻውን ሲስልና ሲያጉረመርም ቀዳው። በሚቀጥለው መብራት የጠፋ ቀን እሱን አስወጥተን እንደገና ቀዳንና ንጹሑን ላክን። የተበላሸውን ከራዲዮ ዘፈን እቀዳበታለሁ ብዬ መሳቢያ ውስጥ ወረወርኩት።

መጋቢት ላይ አባዬ ሞተ።

ሳሉ ደም አመጣ። እየጎተትን ሆስፒታል ስናደርሰው፣ ያየው ሐኪም «እስካሁን የት ነበራችሁ?» አለን። ምን ይመለሳል? ዱቄት መስሎን ነበር ይባላል? ብዙም አልቆየም። አልቅሰን ቀበርነው፤ ድንኳኑ ሳይነሳ ሽማግሌዎቹ እናቴን ከበው ስለ ወንድሜ ተነጋገሩ።

የመጨረሻው ፈተና ሰኔ ላይ ነው። ለስንት ዓመት የለፋበት። የእድራችን ሊቀመንበር፣ ሲናገሩ ጉባኤ የሚመሩ የሚመስላቸው ሽማግሌ፣ «ሰው አገር ላለ ልጅ መርዶ በወረቀት አይላክም» አሉ። «ማን ደግፎት ያለቅሳል? ማን ውኃ ያጠጣዋል? ዶክተር ሆኖ ይምጣ፤ አርፎ ይደር፤ ጎሕ ሲቀድ እኛው ገብተን እንነግረዋለን።» እናቴም ነጠላዋን አዘቅዝቃ እንደለበሰች ራሷን ነቀነቀች። አባዬ ሲያጣጥር እንኳ የጠራው ያን ፈተና ነበር። «ልጁ ሳይጨርስ እንዳትነግሩት» ብሏት ነው የሞተው። ስለዚህ ጉዳዩ የሽማግሌ ምክር ብቻ አልነበረም፤ የሟች ቃል ነው። ሰፈሩ በሙሉ አፉን ቆለፈ። በእኛ ሰፈር የአንድ ሰው ምስጢር ተጠብቆ ሲቆይ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

ወንድሜ ግን ጆሮ አይጎድለውም። አርባው ካለፈ በኋላ ካሴቱ መጣ። እናቴና እኔ ቴፑ ላይ ተደፍተን ሰማነው። «ምነው ጠፋችሁ? መጥፎ መጥፎ ሕልም እያየሁ ነው» ይላል። «አባዬን አሰሙኝ። አባዬን ካልሰማሁ፣ ፈተናው ገደል ይግባ፣ ትኬት ቆርጬ እመጣለሁ።» ይህ ልጅ እልኸኛ ነው፤ በአባዬ የወጣ። እመጣለሁ ካለ ይመጣል። እናቴ ጉንጯን ይዛ ቀረች።

«ቅጂ» አለችኝ።

«ምን ልቅዳ?»

«ደህና መሆናችንን ነዋ!»

ለማለት ቀላል ነው። መጀመሪያ እናቴ ድምፅ የላትም። ስታለቅስ ከርማ ጉሮሮዋ ተዘግቷል፤ ስትናገር የዛገ ማጠፊያ ነው የሚሰማው። ማር አላስኳት፣ በጨው ውኃ አስጉመጠመጥኳት፤ ትንሽ ተከፈተ፣ ግን ሙሉ በሙሉ አልተመለሰም። ስለዚህ ውሸቷን አብረን አበጀናት፦ ቤቱን በሙሉ ጉንፋን ገብቶበታል። የእሷ ድምፅ በጉንፋን ጎርንኗል። የአባዬ ጭራሽ ተዘግቷል፤ መኝታ ቤት ተኝቶ ሰላም ብሎሃል። ሽንቁር የሌላት ውሸት መሰለችኝ። እንዲያውም ኮራሁባት።

መብራት የጠፋ ዕለት ብርድ ልብሱን ሰቅዬ፣ ፍራሹን አቁሜ፣ ሰዓቱን ቀብሬ፣ ጀመርን። እናቴ አንጀቷን አስራ፣ «ልጄ፣ እኛ ደህና ነን፣ ጉንፋን ብቻ ነው» አለች። ጎበዝ! እያልኩ በልቤ፣ መርፌዋን እያየሁ፣ ልክ «አባትህም» ብላ ስትጀምር ከውጭ በሩ ላይ ጩኸቱ ፈነዳ።

«ወንድሜን! ወንድሜን! ሳላይህ! ሳልቀብርህ!»

የአባዬ የሩቅ ዘመድ ናት። ከገጠር መርዶውን ገና መስማቷ ነው፤ ያልደረሰ ለቀስተኛ እንደ ወጉ ከአጥር በር ጀምሮ እየጮኸ ይገባል፣ ወር ይለፈው ዓመት። ሰፈሩን ሁሉ አፍ ስናስይዝ እሷን ማን አስቧት! ብርድ ልብስ ያቆማታል? ፍራሽ ያቆማታል? መርፌዋ ቀዩን ጥሳ ልትሰበር ደረሰች። እናቴም ወግ ነውና ማይክራፎኑን ትታ፣ ደረቷን እየመታች እሪ! ብላ ወጣች። ሁለቱ ደጃፉ ላይ ተቃቀፉ። እኔ ቴፑ አጠገብ ቁጭ ብዬ መጀመሪያ ተናደድኩ፣ ከዚያ ሳቄ መጣ፣ ከዚያ እኔም አለቀስኩ። ያን ሁሉ ቀድቶታል። ካሴቱን አጥፍቼ እስክቀዳበት ድረስ ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

በሚቀጥለው ጊዜ ግን ተሳካ። ሊቀመንበሩ ራሳቸው ውጭ በሩ ላይ ወንበር አውጥተው ተቀመጡ፤ ዝንብ አላሳለፉም። እናቴ አንዴም ሳትደናቀፍ ጨረሰች። ካሴቱን መልሼ ሳደምጠው ጆሮዬን አላመንኩም። ጓ የለ፣ ዶሮ የለ፣ ወፍጮ የለ፣ ሳል የለ። የእናቴ ድምፅ ብቻ፣ እንደ ጠበል የጠራ። ዕድሜዬን ሙሉ ስታገልለት የኖርኩት ቅጂ ይኸው ነው። ራዲዮ ጣቢያ ቢሰሙኝ ይቀጥሩኝ ነበር ብዬ ለእናቴ ጉራዬን ነፋሁባት።

እሷ ግን ግንባሯን ቋጥራ ሰምታ ስታበቃ፣ «ይኼ የማን ቤት ነው?» አለችኝ።

«እንዴት የማን ቤት?»

«አባትሽ የታለ?»

«እማዬ! ጉንፋን ድምፁን ዘግቶታል አልሽ እኮ ራስሽ!»

«ድምፁስ ይዘጋ። ሳሉስ? የትኛው ጉንፋን ነው ሳል የሚያስቀር?»

እውነቷን ነው። ሁልጊዜ ቢባረርም እኮ ሳሉ ከውጭም ቢሆን፣ ከአጥር ሥርም ቢሆን፣ በፍራሹ ሾልኮ ትንሽ ትንሽ ይገባ ነበር። እኔ ነኝ እንጂ ያልገባ የመሰለኝ። ወንድሜ ለስንት ዓመት ካሴት በከፈተ ቁጥር አባቱ አጥር ሥር ሲስል ሰምቷል። አሁን ታምሞ ተኝቷል የተባለ ሰው አንዴ እንኳ ሳይስል ቀረ ስንለው ያምነናል? በጭራሽ። የጠራው ካሴቴ ራሱ መርዶ ነበር።

ያኔ ነው መሳቢያዬ ትዝ ያለኝ። የጥምቀቱ ካሴት! እግዜር ይስጠኝ፣ ዘፈን አልቀዳሁበትም። አውጥቼ ስከፍተው አባዬ ቤቱን ሞላው፤ ሲስል፣ ሲያጉረመርም፣ አልጋው ሲንቋቋ። እናቴ ግድግዳውን ተደግፋ ቁልቁል ተንሸራተተችና ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ዘጋሁት። «አትዝጊው» አለችኝ።

መኝታ ቤት አንድ ቴፕ ያስለው፣ ሳሎን ሌላ ቴፕ ይቅዳው፤ ይህ ነው ዕቅዱ። በድንጋይ የሚሠራ ሁለተኛ ቴፕ ያለው ግን ቀበሌው ብቻ ነው። የወጣት ማኅበሩ ኃላፊ፣ መፈክር ሲያወጣ አንገቱ ላይ ያለው ሥር የሚገተር ጎረምሳ፣ ቴፑን በሽማግሌ ምልጃ ፈቀደ፤ ነገር ግን «የብዙኃን ንብረት ያለ ኃላፊው ከቀበሌ አይወጣም» ብሎ ራሱም አብሮ መጣ። እሰየው! እኔም ሰው እፈልግ ነበር። መኝታ ቤት አስገባሁትና «ጓድ፣ ዛሬ የፓርቲ ሥራህ ሟች ማሳል ነው» አልኩት። አልሳቀም። በዚያ ዘመን ጓዶች ሳቅ በስብሰባ ካልተወሰነ አይወዱም ነበር።

እናቴ ደግሞ ቀድማ ነፍስ አባቷን ጠይቃ ነበር፤ የሞተን ሰው ማሳል ኃጢአት ይሆን እንዴ? ቄሱም ትንሽ አሰብ አድርገው፣ «ሳሉ የራሱ ነው?» አሉ። «የራሱ ነው አባቴ።» «እንግዲያው ውሸት አልጨመራችሁበትም» ብለው ፈቱን።

ከዚያ የቁልፉ ነገር መጣ። የቀበሌው ቴፕ ለሰልፍ የተሠራ ነው፤ ዝቅ ማለት አያውቅም። መጀመሪያ ስንሞክረው አባዬ እናቴ ጭን ላይ ተቀምጦ የሚስል መሰለ። ዝቅ ስናደርገው ደግሞ ከጉድጓድ ውስጥ። የጥምቀቱ ካሴት የራሱ ሽሽሽታም አለው፤ ሁለት ሽሽሽ ሲደመር ዝናብ ይሆናል። በመጨረሻ ቴፑን አባዬ ይተኛበት የነበረው አልጋ ላይ፣ አፉን ወደ ግድግዳው አዙረን፣ የራሱን ጋቢ አለበስነው፤ ጋቢው ሽሽሽታውን ዋጠው። በሩን ገርበብ አደረግሁ። ሳሎን ሆኜ መርፌዋን አየሁ። እናቴ ስትናገር ቀዩን ነካ ታደርጋለች፣ ሳሉ ሲመጣ ደግሞ እስከ ግማሽ። ልክ አባዬ የሚተኛበት ርቀት። የጎረምሳው እጅ ላይ ክር አሰርኩለት፤ ስስበው ይከፍታል፣ ሁለቴ ስስበው ይዘጋል። መነጋገር አንችልማ፣ ማይክራፎኑ ሁሉን ይሰማል።

መብራት ጠፋ። ወፍጮው እያቃሰተ ቆመ። ጀመርን።

እናቴ ተናገረች። ጉንፋኑን አወራች፣ የጎረቤትን ልጅ ሠርግ አወራች፣ ዶሮዋ ስንት እንደፈለፈለች አወራች። «አባትህ ድምፁ ተዘግቶ ተኝቷል፤ ሰላም ብሎሃል» አለች። ክሩን ሳብኩ። ከመኝታ ቤት ሳሉ መጣ። ያ ሳል፣ ያ ማጓራት፣ መጨረሻ ላይ የምትከተለዋ ረጅም ትንፋሽ።

እናቴ እንኳን ልትደነግጥ ዞርም አላለችም። «ኧረ አንተ ሰውዬ! እያወራሁ እኮ ነው! ውጣና ሳል አላልኩህም?» አለች፣ ዓመታት ሙሉ እንዳለችው።

ከዚያ ገባት።

መርፌዋ ተኛች። ክሩን ሁለቴ ልስበው እጄን አነሳሁ፤ ግን አልታዘዘኝም። ከመኝታ ቤት አባዬ አጉረመረመ፤ ቃሉ አይሰማም፣ ቅሬታው ብቻ ነው የሚሰማው። እናቴ ወደ በሩ ዞረች። እንዲህ ባለ ድምፅ ስታናግረው በሕይወቴ ሰምቼ አላውቅም። «እሺ፣ እሺ፣ ተኛ» አለችው። «ተኛ የኔ ጌታ። ማንም አያስወጣህም።» ወደ ማይክራፎኑ ተመለሰችና፣ «አባትህ ነው። አላስወራ አለኝ» ብላ የዶሮዎቹን ወሬ ካቆመችበት ቀጠለች። እኔ እሷን ማየት ስላቃተኝ መርፌዋን አየሁ።

ቴፑን ስዘጋ ጎረምሳው ክሩ እጁ ላይ እንደታሰረ ከመኝታ ቤት ወጣ። መፈክሩ ሁሉ ከፊቱ ላይ ረግፏል። እናቴ ፊት ቆመና ጎንበስ ብሎ፣ «እግዜር ያጥናችሁ» አላት። እኔ መጀመሪያ ያየሁት ቴፑ በእርግጥ መዘጋቱን ነው። እግዜርን መጥራቱን ለቀበሌ አልነገርንበትም።

ካሴቱን ላክን። ግንቦት አለፈ፤ ወንድሜ አልመጣም። ያ ማለት አምኗል ማለት ነው። ሰኔም እንዲሁ። እናቴ በየቀኑ «ተፈትኖ ይሆን?» ትላለች። እኔ «ተፈትኗል» እላታለሁ፣ እንደማውቅ ሁሉ። ሐምሌ ላይ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው፣ ከሩስያ የመጣ ተማሪ የወንድሜን ካሴት በእጁ አመጣልን። ድምፁን እስከ ጥግ ከፍተን ጆሯችንን ደቀንን።

«እማዬ! ጨርሻለሁ! አልፌአለሁ!» አለ። እናቴ እልል ልትል እጇን አነሳችና ሐዘን ላይ መሆኗ ትዝ ብሏት አፏን በእጇ ከደነችው። እንባዋ በጣቶቿ መሃል ወረደ። እኔ ግን ምን ግዴ ነው ብዬ ለሁለታችንም እልል አልኩ። የአባዬ ቃል ተፈጸመ ማለት እኮ ነው። ልጁ ዶክተር ሆነ።

ካሴቱ አላበቃም። የወንድሜ ድምፅ ተለወጠ፤ ዝግ አለ፣ የማላውቀው የትልቅ ሰው ድምፅ ሆነ።

«አሁን ስለ አባዬ ልንገራችሁ፤ ሁለታችሁም በደንብ ስሙኝ። ሳሉን ደጋግሜ አደመጥኩት። አስተማሪዬንም ወስጄ አሰማሁት። አማርኛ አያውቅም፣ ሳል ግን ያውቃል። እማዬ፣ ይኼ ጉንፋን አይደለም። የዱቄትም አይደለም። የሳምባ ነቀርሳ ይመስለናል። ዛሬ ነገ ሳትሉ ሆስፒታል ውሰዱት። አክታው ይመርመር፣ ራጅ ይነሳ። እምቢ ካለ ዶክተር ልጅህ አዟል በሉት። ደግሞ አትደንግጡ። አደመጥኩት እኮ፣ ገና ነው፣ አልባሰበትም። መድኃኒት አለው። አሁኑኑ ከጀመረ ይድናል።»

ካሴቱ ሽሽሽ እያለ ዞረና ቆመ። ዝናቡ ብቻ ቀረ። እኔ ቀና ለማለት ፈራሁ።

«ዶክተር ሆኗል ማለት ነው» አለች እናቴ።

«ሆኗል እማዬ።»

«ሳይነካው። በጆሮው ብቻ።»

«በጆሮው ብቻ።»

ነጠላዋን ሰብስባ ወደ ቴፑ ተጠጋች።

«እስቲ ይድናል ያለበት ጋ መልሺልኝ» አለችኝ።

መለስኩላት።